ያልታሰረው እግር

ዳሶም አፏ ውስጥ የገባውን አሸዋ እንትፍ ብላ ቀና አለች። በዚህ ሳምንት በትግል ልምምድ ስትወድቅ ይሄ ሦስተኛዋ ነው። ሦስቱንም ጊዜ የጣለቻት በአንድ ዓመት የምታንሳት ህዋጂን ናት፤ ሦስቱንም ጊዜ በዚያው በግራ በኩል።

«ይቅርታ እህቴ» አለች ህዋጂን እጇን እየዘረጋች።

«ምን ይቅርታ አለው? ጣልሽኝ፣ ጣልሽኝ!» ዳሶም የተዘረጋውን እጅ ሳትይዝ ተነሳች።

አሠልጣኙ ኮች ማ ከላይ ከደረጃው ሆኖ ሁሉንም አይቷል። ሃምሳ ዓመት ያለፈው የቀድሞ ታጋይ ነው፤ አንገቱ ከጭንቅላቱ ይወፍራል። የደረጃውን ብረት ጨብጦ እንደ ሸርጣን ወደ ጎን እየረገጠ ወረደ። የትግል ቡድኑ ልጆች ይህን አረማመድ ለምደውታል፤ ምክንያቱን የሚጠይቅ ደፋር ግን የለም።

«ስኳት፣ ብረት ተሸክመሽ ቁጭ ብድግ ስትዪ፣ ስንት ታነሻለሽ?» አላት።

«መቶ አሥር ኪሎ፣ ኮች።»

«ከቡድኑ ስንተኛ?»

«አንደኛ።»

«እንግዲህ እግርሽ ደህና ነው ማለት ነው። ባለፈው መኸር ጉልበትሽ ከተጎዳ ወዲህ የታመመው ሌላ ነገር ነው።» ደረቱን በጣቱ መታ መታ አደረገ። «ይሄ ነው። ፈርተሻል።»

የዳሶም ፊት ነደደ። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ብዙ ነገር ተብላለች፤ ፈሪ ግን ተብላ አታውቅም። «አልፈራሁም!» አለች፣ ድምጿ ከጣሪያው ሥር እስኪያስተጋባ።

ልጆቹ ሁሉ ወደ እሷ ዞሩ። ለኮች እንዲህ ተብሎ አይመለስም።

«ጥሩ» አለ ኮች ማ፣ ሳይቆጣ። «ከስድስት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ ከህዋጂን ጋር ትገጥማላችሁ። ወደ ክፍለ ሀገሩ ውድድር የምትሄደው ያሸነፈችው ናት። እስከዚያ ተራራሽን ሩጪ፣ ስኳትሽን ሥሪ። ሌላ መድኃኒት የለውም።»

ረቡዕ ከትምህርት በኋላ ዳሶም የአረጋውያን ማዕከል ሄደች። ትምህርት ቤቱ ለእያንዳንዱ ተማሪ የበጎ ፈቃድ ሰዓት ይቆጥራል፤ የእሷ ድርሻ በማዕከሉ ትንሽ ጂም ውስጥ ያሉትን ማሽኖች መወልወል ነው። ሬዲዮው የድሮ ዘፈን ያንጫርራል፤ ፀጉራቸውን ያስጠቀለሉ፣ አበባ አበባ ሱሪ የለበሱ ሴቶች ብረት እየገፉ ስለ ምራቶቻቸው ያማሉ።

«ኧረ ቀስ! የወንበሩን ቆዳ ልትገፍፊው ነው እንዴ?» አሉ እማማ ቡንርዬ። ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ገበያ ውስጥ ደረቅ ዓሣ ይሸጣሉ፤ አምና ጉልበታቸው ቀዶ ጥገና ተደርጎለታል። «ማን ነው ያናደደሽ?»

ዳሶም የሆነውን ሁሉ ዘረገፈችው። አሮጊቷ ከረሜላቸውን ከአንዱ ጉንጭ ወደ ሌላው እያዛወሩ አዳመጡ።

«ያ ሳትባ የምትሉት ጨርቅ የሚታሰረው የት ነው?»

«ወገብና ቀኝ ጭን ላይ ነዋ፣ እማማ። ተጋጣሚዬ እሱን ጨብጣ ቀኝ እግሬን ወደ ላይ ትነቅለዋለች።»

«ቀኙ ሲነቀል በምን ትቆሚያለሽ?»

ዳሶም ሁለቱን እግሮቿን አየች። ስንት ዓመት ታግላ ይህን አስባው አታውቅም። ቡድኑ በሙሉ የሚያሸው፣ የሚጠቀልለው፣ የሚጨነቅለት ለታሰረው እግር ነው። ስለ ሌላኛው ጠይቆ የሚያውቅ የለም።

«በግራ» አለች በመጨረሻ።

«በይ ተቀመጪ።»

ስትወለውለው የነበረው ማሽን ወንበር ያለው ነው። ተቀምጠው ቅልጥምን ከተጠቀለለው ስፖንጅ ኋላ ያስገቡና ጉልበትን ይዘረጋሉ፤ ከኋላ የተደረደረው ብረት ይነሳል። በቃ፣ ሌላ ሥራ የለውም። ዳሶም በቀኝ እግሯ ሠላሳ ኪሎውን ያለ ችግር አነሳችው። ባለፈው መኸር በተጎዳው በግራው ሞከረች፤ ንቅንቅ አላለም። እማማ ቡንርዬ መሰኪያውን ነቅለው ሃያ ላይ ሰኩላት። አሁንም እምቢ አለ።

«ወግጂ እስቲ» አሉና ራሳቸው ተቀመጡ። በቀዶ ጥገናው እግር፣ ከረሜላቸውን እየመጠጡ፣ ሃያውን ኪሎ ወደ ላይ አወጡት። አንዴ። ሁለቴ። አምስቴ።

ሴቶቹ እጃቸውን እያጨበጨቡ ሳቁ። «ታጋይዋ በቡንርዬ ተዘረረች!»

ዳሶም መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። «እኔ እኮ መቶ አሥር ኪሎ ስኳት አነሳለሁ!»

«አንቺ ሳትሆኚ ቀኝ እግርሽ ነው የሚያነሳው። ግራው እንደ ሟቹ ባሌ ነው። ጋሪውን አብረን ስንገፋ እጁን ጣል አድርጎ እህ እህ ይላል፤ የምገፋው ግን እኔ ነኝ! ሰው ሲያየን ሁለታችንም ሠራተኞች ነን።» ወንበሩን ደብደብ አደረጉት። «እዚህ ላይ ግን የሚያግዘው የለም። ትግል አያስተምርሽም፣ እሱን ከኮችሽ ተማሪ። እግርሽን ግን ይመልስልሻል።»

የዚያን ቀን ዳሶም በግራ እግሯ አሥር ኪሎ አነሳች። ጭኗ እንደ ቅጠል እየተንቀጠቀጠ ነበር። ተናደደች፣ ግን ደስም አላት፤ የደከመው እግሯ እንጂ ልቧ አልነበረማ!

ከዚያ ወዲህ ረቡዕና ዓርብ አልቀረችም። ተራራዋንም ሮጠች፣ ስኳቷንም ሠራች። አሥሩ አሥራ አራት ሆነ፣ አሥራ አራቱ አሥራ ዘጠኝ። ነገር ግን የገበያ ሴቶች የሚያውቁት ነገር ተደብቆ አይቆይም። ቅዳሜው ሦስት ቀን ሲቀረው ኮች ማ ቡድኑን አሰለፈ።

«አንዷ ታጋያችን ከአሮጊቶች ጋር ወንበር ላይ ተቀምጣ እግሯን ታወዛውዛለች አሉ። እግር ማወዛወዝ ፀጉር ቤት ወረፋ ሲጠብቁ ነው!» ሳቅ ተሰማ። ህዋጂን ብቻ አልሳቀችም። «ዳሶም፣ የጸጸት ደብዳቤ ትጽፊያለሽ። ሁለት ገጽ። ሁለተኛ አልደግምም ብለሽ ፈርመሽ ቅዳሜ ጠዋት ታመጫለሽ። ካላመጣሽ አሸዋው ላይ አትወጪም።»

ሁለት ቀን ሙሉ ወረቀቱ ጠረጴዛዋ ላይ ባዶውን ቆየ። ሌሎቹ ልጆች ጸጸት ሲጽፉ ኖረዋል፤ እሷም ከዚህ በፊት ሁለቴ ጽፋለች፤ ሁለቴም ጥፋተኛ ነበረች። አሁን ግን እጇ እምቢ አለ። ዓርብ ከማዕከሉ ስትመለስ ብዕሯን አነሳችና የጻፈችው እንዲህ የሚል ነበር፦

«የመጀመሪያው ሳምንት፦ ግራ 10፣ ቀኝ 30። ስድስተኛው ሳምንት፦ ግራ 24፣ ቀኝ 32። ከአሸዋው፣ ከተራራውና ከስኳቱ አንድም ቀን አልቀረሁም። የምጸጸትበት ነገር ፈልጌ አጣሁ። ማሽኑ ጠዋት ጠዋት ሰው አይበዛበትም፤ ይህን የምጽፈው ደረጃ ሲወርዱ ስለማይዎት ነው።»

ቅዳሜ ጠዋት ኮች ማ ወረቀቱን ቆሞ አነበበው። ጆሮው ቀላ። እንደገና አነበበው። ዳሶም ምን እንደሚል አልጠበቀችም፤ ሳትባዋን አጥብቃ አሰረችና አሸዋው መሀል ሄዳ ግጥሚያ እንደሚጀመረው ተንበረከከች። ከዚያ ንቅንቅ አትልም። ሊያስወጣኝ ከፈለገ ጎትቶ ያውጣኝ!

ህዋጂን ኮቹን አየች፣ ዳሶምን አየች። ከዚያ ማንም ሳያዛት መጥታ ፊት ለፊቷ ተንበረከከች። «እኔም በዝረራ ነው እንጂ በደብዳቤ ማለፍ አልፈልግም» አለች በሹክሹክታ።

ወረቀቱ ታጥፎ ኮች ኪስ ውስጥ ገባ። ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው ተነሱ። ፊሽካው ተነፋ።

ህዋጂን እንደ ወትሮዋ የዳሶምን የቀኝ ጭን ሳትባ ወደ ላይ ነቀለችው። የዳሶም ክብደት በሙሉ ግራው እግር ላይ ወረደ። ጉልበቷ ታጠፈ፤ አሸዋውን ሊነካ አንድ ጭብጥ ቀረው። ሁልጊዜ የምትወድቀው እዚህ ጋ ነበር። አሁን ግን ግራው እግር ቀስ እያለ፣ እየተንቀጠቀጠ ተዘረጋ። ልቧ ያው የድሮ ልቧ ነው፤ የተለወጠው እግሯ ነው። ህዋጂንን ይዛት ተነሳችና በጀርባዋ አሸዋው ላይ አሳረፈቻት።

ሁለተኛውን ዙር ህዋጂን በእጅ ዘዴ ጣለቻት። ሦስተኛው የዳሶም ሆነ።

ኮች ማ ሰሌዳው ላይ ስሟን ጻፈ። «ያ ደብዳቤ የጸጸት ደብዳቤ አይደለም» አለ ፊቱን ሳያዞር። «እስከሚመጣው ዓርብ ትክክለኛውን እፈልጋለሁ።»

«አልጽፍም፣ ኮች።»

ኮች ማ የደረጃውን ብረት ጨብጦ ወደ ጎን እየረገጠ ደረጃውን ወጣ።

ዓርብ ዳሶም ማዕከሉ ስትደርስ የማሽኑን ወንበር ወደ ኋላ፣ እስከ መጨረሻው ቀዳዳ ተገፍቶ አገኘችው። መሰኪያው ስምንት ኪሎ ላይ ነው።

«ማን ነው የነካው?»

«እኔ ምን አውቄ!» አሉ እማማ ቡንርዬ፤ ዓይናቸው ግን ይስቃል። «አንድ አንገተ ወፍራም ሰውዬ በጠዋት በጓሮ በር መጣ። በስምንት ኪሎ ላቡ ጠብ ጠብ ሲል ብታይ! ለማንም እንዳልናገር ሁለቴ ለመነኝ።»

ስልኳ ላይ መልእክት ገባ። ህዋጂን ናት። «እህቴ፣ ዛሬ እኮ ዓርብ ነው። ደብዳቤውን ጻፍሽ? ሁሉም እየጠየቀ ነው።»

የዳሶም አውራ ጣት ስልኩ ላይ ቆመ። ስለ ጠዋቱ ሰውዬ አንድ መስመር ብትጽፍ ቡድኑ በሙሉ ዛሬውኑ በሳቅ ይሞታል። ኮች ማ ሰልፍ ላይ ያሳቀባትን ሁሉ ትመልስለታለች።

«አልጻፍኩም» ብላ ላከችና ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ወንበሩን ወደ ፊት ስባ ተቀመጠች፤ በግራ እግሯ ጀመረች። ስትጨርስ ማሽኑን ወለወለችና ወንበሩን ወደ መጨረሻው ቀዳዳ መለሰችው።