የስኳር ድንቹ ማኅተም

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ ግንቦት በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ አሶሳ የክልል መዲናነቱን ገና እየተለማመደች ነበር፤ ቢሮ የተባለው ሁሉ ትናንት መኖሪያ ወይም መጋዘን የነበረ ቤት ነው፤ ኃላፊ የተባለውም አብዛኛው ትናንት ነጋዴ፣ መምህር ወይም ስደተኛ የነበረ ሰው ነው፤ ማኅተሙ ግን አዲስ ነበርና ባለጉዳይ ሁሉ በማለዳ በር ላይ ይሰለፍ ነበር።

አቶ ሻዕባን ከነዚህ ሹማምንት አንዱ ነበሩ። ሰባት ዓመት በሱዳን በስደት ቆይተው ሲመለሱ ሹመት ጠበቃቸው፤ ከሹመቱም ጋር ጥለዋት ሲሄዱ ገና ትድህ የነበረችው፣ እናቷ ሞታባት በአክስቷ በኢንቲሳር እጅ በገጠር ያደገችው የስምንት ዓመቷ ልጃቸው ዋፋ። ወደ ከተማ ካመጧት ሁለት ወር ሆናት፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ «የሹም ልጅ አትሮጥም፤ የሹም ልጅ ቁጭ ብላ ፊደሏን ትቆጥራለች» ከማለት በቀር ያጫወቷት ነገር አልነበረም። እሷም አባቷን «ሹም» ብላ ትጠራቸው ጀመር። ይህ አንጀታቸውን ይበላው ነበር።

በአንድ ዓርብ ጠዋት ኢንቲሳር ከገጠር መጥታ ወንድሟን ፊት ለፊት ተናገረችው።

«ሻዕባን፣ ልጅቱ ከስታለች። ወላሂ፣ እዚህ መኖር ካልፈለገች ዛሬውኑ በገበያው መኪና ይዣት እመለሳለሁ።»

ዋፋ ስትጠየቅ አንገቷን ደፍታ «እሄዳለሁ» አለች፤ ብላም ወደ ጓሮ ሮጠች። አቶ ሻዕባን ደነገጡ። የክልሉ ሹማምንት ስብሰባ ሊጀመር ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ ኮታቸውን ለብሰው፣ የመጨረሻ ምክር ሊለግሷት ተከትለዋት ወጡ።

ዋፋ ከማንጎው ዛፍ ሥር የቀርከሃ ቅርጫት ደፍታ፣ ጠረጴዛ አድርጋው ተቀምጣለች፤ በእጇ ለሁለት የተቆረጠ ስኳር ድንች ይዛለች፤ አጠገቧ በውሃ የተበጠበጠ ከሰል፣ ከፊቷም ዘጠኝ የበቆሎ ቆረቆንዳ ተሰልፏል።

«ሹም ስብሰባ ገባ። ነገ ተመለስ» አለችው የመጀመሪያውን ቆረቆንዳ፤ ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም እንዲሁ።

አቶ ሻዕባን በየማለዳው በዘበኛቸው በኩል ባለጉዳይ የሚያሰናብቱበትን የገዛ ቃላቸውን አወቁት። ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፤ ሳቅ ቀደማቸው፤ ሄደውም ከዘጠነኛው ቆረቆንዳ ኋላ ተሰለፉ።

ተራቸው ሲደርስ ዋፋ ቀና አላለችም።

«ምን ጉዳይ አለህ?»

«ልጄ ልትሄድብኝ ነው እመቤቴ። እንድትቆይልኝ ፈቃድ ፈልጌ ነው።»

«ማመልከቻ?»

«አላመጣሁም።»

«ማመልከቻ በማንጎ ቅጠል ነው። ከላይ ካለው። የታችኛው አይሠራም።»

የክልሉ ሹም ጫማቸውን አውልቀው ዛፉ ላይ ወጡ፤ የኮታቸው ብብት ተተረተረ፤ ዋፋም ለመጀመሪያ ጊዜ እየሳቀች «ከዚያም በላይ! ከዚያም በላይ!» እያለች አዘዘቻቸው። በዚህ መካከል የቢሮው ዘበኛ ሽማግሌው ጁምዓ እያለከለከ ደረሰ።

«አቶ ሻዕባን፣ ስብሰባው ተጀመረ! እርስዎን ብቻ ነው የሚጠብቁት!»

«ሰልፍ ያዝ» አለችው ዋፋ።

ጁምዓ ወደ ዛፉ አንጋጠጠ። «ያዝ እንጂ ጁምዓ» አሉ አለቃው ከቅርንጫፉ ላይ፤ «የእኔም ገና አልተፈረመም።» ጁምዓም ቆቡን አውልቆ ከቆረቆንዳዎቹ ኋላ ቆመ።

ቅጠሉ ቀረበ። ዋፋ አገላብጣ መረመረችው፤ አሰበች፤ ከዚያ ስኳር ድንቹን ከሰሉ ውስጥ ነክራ በአባቷ መዳፍ ላይ አጥብቃ አተመች።

«ትቆያለች» አለች። «ግን ነገም ትሰለፋለህ፣ ባባ።»

አቶ ሻዕባን ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ ደስታቸውንም አልደበቁም። ኢንቲሳር በገበያው መኪና እየሳቀች ብቻዋን ተመለሰች።

ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ይባላል፤ የዋፋ ማኅተም ግን በዚያው ማታ ተቀቅሎ ለእራት በቃ። በመዳፍ ያረፈውም ከሰል በሳምንቱ ለቀቀ። ታሪክ የሚይዘው ወረቀት ላይ የታተመውን ነውና፣ ስለዚያ ጠዋት የቀረው የስብሰባው ቃለ ጉባኤ ብቻ ነው፤ እሱም እንዲህ ይላል፦ «አቶ ሻዕባን ያለ በቂ ምክንያት አንድ ሰዓት አርፍደው ገብተዋል።»