ሞላላ ጥፍሮች

ሃና በገዛ ፀጉር ቤቷ ወለል ላይ በጀርባዋ ተዘርራ ስትገኝ፣ የተተኮሰ ፀጉሯ ገና ቅርጹን አልለቀቀም ነበር። ራሷ ከፀጉር ማጠቢያው ሥር ነው፤ የማጠቢያው ጠርዝ ላይ ደምና ጥቂት ፀጉር ተጣብቋል። ሐሙስ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ከሰባት ሰዓት ጀምሮ የነሐሴ ዝናብ የቢቸናን ቆርቆሮ ሁሉ ሲደበድብ ስለቆየ ጎረቤቱ «ምን ሰማህ?» ሲባል መልሱ አንድ ነበር፤ ዝናብ።

ኢንስፔክተር ደስታነሽ የሞጣ ፖሊስ ናት። ያን ቀን ቢቸና የመጣችው ፍርድ ቤት ለመመስከር ነበር። ቃሏን ሰጥታ ወደ ሞጣ የሚመልሳትን ሚኒባስ ስትጠብቅ የቢቸናው ሳጅን ገላው፣ የእነሱ መርማሪ ስላልነበረ፣ በባጃጅ ደርሶ ወሰዳት፤ መንገድ ላይም ነገሩን ጀምሮ ጨረሰላት።

«ገዳዩን ይዘነዋል። እጮኛዋ ነው፤ ይታገስ ይባላል፣ ሞጣ አስተማሪ ነው። ምሳ ቤት ሲጨቃጨቁ ሰው አይቷቸዋል። ከዚያ በዝናብ ብቻውን ሲሄድ ተያዘ።»

«በዝናብ መሄድ ወንጀል ከሆነ እኔንም እሰረኝ» አለች ደስታነሽ፣ ጭቃ የበላውን ጫማዋን እያሳየችው።

ደስታነሽ ሬሳ ፊት ስትቆም ፊቱን አታይም። ሰው በሕይወት እያለ ፊቱን ሲያስመስል ኖሮ ሲሞት እውነቱን ይናገራል ብላ አታምንም። ተንበርክካ የሃናን እጆች አየች። ዐሥሩም ጥፍሮች ቀይ ኩቴክስ ተቀብተዋል፤ ቀለሙ ግን ጫፍ ጫፉ ላይ ተበልቶ ጥፍሩ ራቁቱን ቀርቷል። አጫጭር ናቸው፣ ሞላላ፣ ጠርዛቸው እንደ ብርጭቆ አፍ የለሰለሰ። የሁለቱ አውራ ጣቶች ጫፍ ብቻ ጠፍጠፍ ብሏል። የቀኝ እጇ መሀል ጣት ጥፍር ሥጋው ድረስ ተሰብሯል፤ እሱም ቢሆን በቀረው ልክ ተሞርዷል። ከእጇ ሥር፣ ወለሉ ላይ፣ ቀይ የተቀላቀለበት ደቃቅ ነጭ ዱቄት አለ። ከራሷ የወረደው ደም በዱቄቱ ላይ አልፎ ሄዷል። ይህን የመጨረሻውን ሁለት ጊዜ አየችው፤ ፎቶ አነሳችው፤ ለማንም አልተናገረችም።

«ሳጅን።»

«አቤት።»

«ያሰርከው አስተማሪ ሰው ከገደለ በኋላ ጥፍር ይሞርዳል?»

ገላው ሳቀ። እንዳልቀለደች ሲያይ ሳቁን ዋጠው።

ሬሳው ከመነሳቱ በፊት እናትየዋን አስገቧቸው። ወይዘሮ ፀሐይነሽ ዓይናቸው ከደከመ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ ሰው የሚለዩት በድምፅና በዳበሳ ነው። ታናሺቱ ልጃቸው ንጋት ክንዳቸውን ይዛ መራቻቸው። እህቷን ሞታ ያገኘቻትም እሷ ናት። እናትየዋ የሃናን እጅ ይዘው እየጮኹ አለቀሱ፤ ጣቶቿን አንድ በአንድ ዳብሰው አውራ ጣቷ ላይ ሲደርሱ ግን ድንገት ጩኸታቸው ተቋረጠ። ተነስተው ወጡ። ደስታነሽ ይህንንም አየች።

ዓርብ ጠዋት መጀመሪያ የተጠራችው ፋንታ ናት። የእህል ነጋዴ ናት፤ ሰኞ ዕለት በሃና በር ላይ ቆማ «እጄን እንዳሳጣሽኝ እጅሽን ያሳጣሽ!» ብላ መሳደቧን መንገደኛው ሁሉ ሰምቷል።

«አዎ ተሳድቤአለሁ፤ እክዳለሁ ብለሽ ነው?» አለች ፋንታ፣ በፋሻ የተጠቀለለ ጣቷን ቀስራ። «ለልጄ ሠርግ ብዬ ሾጣጣ ጥፍር አሠራሁ። ሠርጉ አለፈና ጆንያ ላነሳ ስል ከነሥሩ ተነቀለ፤ መገለ።»

«ሾጣጣ ማን ምረጪ አለሽ?»

«እኔው ነኛ! ታናሺቱ እንኳ ‹እትዬ፣ እህል ለሚሰፍር እጅ አጭር ክብ ነው የሚሆነው› ብላኝ ነበር። ትልቋ ‹አንቺ ዝም ብለሽ ውኃ አሙቂ፣ ደንበኛ የጠየቀውን ነው› ብላ አሳፈረቻት። አውራ ጣቴን ሳይቀር አሾለችው፤ ያውልሽ።»

ደስታነሽ ያልተሰበረውን አውራ ጣት አየች። በእርግጥም ሾሏል። የቀሩት የፋንታ ጥፍሮች በጥርስ ተበልተው አልቀዋል።

ይታገስ እስር ቤት ውስጥ ጥግ ላይ ተቀምጦ ነበር።

«በምን ተጣላችሁ?»

«በንጋት። ሃና ሞጣ ቤት አግኝታ ነበር፤ ፀጉር ቤቱን ወደዚያ ልታዛውር። ሁለታችን እንሄዳለን፣ ንጋት ከእናቷ ጋር ትቀራለች አለችኝ። ልጅቷ ሦስት ዓመት የጠበቀችው ሞጣን ነው፤ ቢያንስ ቀስ ብለሽ ንገሪያት አልኳት። ‹ዛሬውኑ ነግሬያት እገላገላለሁ› ብላ ጥላኝ ተነሳች።»

«የዚያን ቀን እጇን አይተኸዋል?»

«ጠዋት አምስት ሰዓት ላይ ፎቶውን ልካልኛለች። ስልኬ እናንተ ጋ ነው።»

ስልኩ ተከፈተ። ቀይ፣ ረጃጅም፣ አራት ማዕዘን ጥፍሮች። ከሥሩ «ንግሥት አልመስልም?» የሚል ጽሑፍ። ጣቶቹ አጭርና ወፍራም ናቸው፤ አራት ማዕዘኑ ይብሱን አሳጥሯቸዋል።

ንጋት ጥቁር ሹራብ ለብሳ ገባች። እጅጌው እስከ ጣቶቿ ይወርዳል።

«ሐሙስ ከምሳ በኋላ የት ነበርሽ?»

«ፋርማሲ። የእማዬን የዓይን ጠብታ ልገዛ።»

«በዚያ ዝናብ?»

«ዓይን ዝናብ እስኪያባራ አይጠብቅም።»

ደስታነሽ መልሱን ወደደችው። ከዚያ ገላውን ያስደነገጠ ነገር አደረገች፤ እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ አጠገቡ አንድ ሞረድ አስቀመጠች።

«ለእኔ የሚሆነኝ የቱ ዓይነት ነው? እህትሽ አስተምራሻለች አሉ።»

«እሷ አላስተማረችኝም» አለች ንጋት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምጿ ነፍስ ዘራ። «በራሴ ነው የተማርኩት፤ ከስልክ፣ ከሰው እጅ።» የደስታነሽን እጅ ሳታስበው አነሳች። «መጀመሪያ የጥፍሩን ሥር ነው ማየት። ጫፉ ሥሩን ቢመስል ያምራል። አጭርና ወፍራም ጣት ሞላላ ሲሆን ይረዝማል። የእርስዎ ጣት ቀጭን ነው፣ አራት ማዕዘን ይችላል። ግን ይጽፋሉ፣ መሣሪያ ይይዛሉ፤ ስለዚህ አጭር፣ ማዕዘኑ ለዘብ ያለ። የራስ ጥፍር ነው፣ የተለጠፈ አይደለም፤ አቅሙን አለማለፍ ነው።»

ሞረዱ እጇ ገብቶ ነበር። ከዳር ወደ መሀል፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ሞረደች። አውራ ጣቱ ላይ ስትደርስ ጫፉን ጠፍጣፋ አድርጋ ተወችው።

«ይህን ለምን እንዲህ ተውሽው?»

«ሰው በአውራ ጣቱ የስልክ ካርድ ይፍቃል፣ ክዳን ይከፍታል። ጫፉ ክብ ከሆነ ቶሎ ይሰነጠቃል። እኔ ለሁሉም እንዲህ ነው የምሠራው።»

ደስታነሽ እጇን ቀስ ብላ ሳበች። ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ደስ አላላትም።

ስትወጣ ወይዘሮ ፀሐይነሽ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ነበር። የእግሯን ኮቴ ለዩት።

«አንቺ ልጄ፣ የሞተችው ሞታለች። አንዷን አስቀሪልኝ።»

«የታሰረው ልጅስ፣ እማማ? እሱም እናት አለው።»

«አውቃለሁ» አሉ። «እያወቅሁ ነው የምለምንሽ።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉም ፀጉር ቤቱ ውስጥ ተሰበሰቡ፦ ይታገስ ከነካቴናው፣ ፋንታ፣ ንጋት፣ እናትየዋ፣ በሩ ላይ ገላው።

«ሃና ሐሙስ አምስት ሰዓት ላይ ረጃጅም አራት ማዕዘን ጥፍሮች ነበሯት» አለች ደስታነሽ። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ አጭርና ሞላላ ሆኑ። በራሷ ፈቃድ አይደለም፤ የራሷን ጥፍር የምታሳጥር ሴት ትኩስ ኩቴክሷን አታበላሽም። ስትታገል አንዱ ተሰበረ፤ በቀሩት ሥር ደግሞ የገዳይዋ ቆዳ ገባ። ማስረጃው መጥፋት ነበረበት።»

«ታዲያ እሱ ቢሆንስ ሊቆርጠው አይችልም?» አለ ገላው፣ ይታገስን እያየ።

«ይቆርጠዋል። በመቀስ ቆርጦ ይሮጣል። ተቀምጦ በአንድ አቅጣጫ አይሞርድም። ፋንታ ደግሞ የራሷን ጥፍር በጥርሷ የምትበላ ናት።»

«ስድብ መሰለኝ» አለች ፋንታ።

«ነጻ እያወጣሁሽ ነው፣ ዝም በይ። ገዳይዋ የተሰበረውን አየችና ዘጠኙን በእሱ ልክ አወረደች። ከዚያ ለዚያ እጅ የሚያምረውን ቅርጽ መረጠች፤ ለአጭር ጣት ሞላላ። ለሥራ የሚበጀውንም አልረሳችም፤ አውራ ጣቶቹን ጠፍጣፋ ተወች። በዚህ ቤት እንዲህ የምትሠራ አንዲት ሴት ናት። ዛሬ ጠዋት የኔንም ሠርታዋለች።» አውራ ጣቷን አሳየች። «ንጋት፣ እጅጌሽን ሰብስቢ።»

ንጋት ሰበሰበች። ከአንጓዋ እስከ ክርኗ አራት ቀያይ ጭረቶች ወርደዋል።

«‹አንቺ እማዬን ያዢ፣ ሞጣ ስንገባ ተራሽ ነው› ስትለኝ ሦስት ዓመት ሆነ» አለች። «ሐሙስ ‹አንቺማ ለሞጣ ሰው አትሆኚም፣ ውኃ ማሞቅ ነው የምትችይው› አለችኝ። ገፋኋት። ያዘችኝ። ደግሜ ገፋኋት።»

«ጥፍሩን ቆርጠሽ መሄድ ትችይ ነበር» አለች ደስታነሽ።

«ተቆራርጦ መተው አልቻልኩም። ሞላላ ነው የሚያምርብሽ ብዬ ስንት ጊዜ ለመንኳት፤ አንድ ቀን እጇን ሰጥታኝ አታውቅም።»

ገላው የይታገስን ካቴና ፈታ። ይታገስ የተፈቱ እጆቹን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ከመቀመጫው አልተነሳም።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ የቁጣ ግፊያ ነበር፤ ጥቂት ዓመት ታስራ የምትወጣበት፣ እናትም ከኖሩ በሩ ላይ የሚጠብቁበት። ደስታነሽ ይህን ታውቃለች። ወይዘሮ ፀሐይነሽ ግን ፊታቸውን ወደ ኢንስፔክተሯ ድምፅ አዙረው ጠየቁ።

«ወዲያው ነው የሞተችው?»

አንድ «አዎ» ይበቃ ነበር፤ ቤቱ በሙሉ ያችን ቃል ጠበቀ።

«አይደለም፣ እማማ» አለች ደስታነሽ። «የጥፍሩ ዱቄት ከደሙ በታች ነው የተገኘው። መጀመሪያ ጥፍሩ ተሞረደ፤ ደሙ ከዚያ በኋላ ደረሰ። ዐሥር ጥፍር ሲሞረድ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። የሞተ ሰው ደም እንዲህ አይፈስም፤ ያን ሁሉ ጊዜ በሕይወት ነበረች።»

«ጤና ጣቢያው በባጃጅ አምስት ደቂቃ ነው» አለ ይታገስ፤ ለማን እንደተናገረ አልታወቀም።

«ንጋት» አሉ እናትየዋ። «አላወቅሽም ነበር፣ አይደል? ሞታለች ብለሽ ነው፣ አይደል ልጄ?»

ንጋት የእናቷን ፊት አየች። የሚፈልጉት ውሸት ምን እንደሆነ ታውቃለች፤ ሦስት ዓመት ሙሉ የሚፈልጉትን ስታቀርብላቸው ኖራለች።

«እጇ ሙቅ ነበር» አለች። «እስክጨርስ ድረስ ሙቅ ነበር።»

ወይዘሮ ፀሐይነሽ ፊታቸውን ከልጃቸው ወደ ደስታነሽ መለሱ።

«ውሰጂያት» አሉ።

ገላው ንጋትን ይዞ ወጣ። እናትየዋ ተነስተው ግድግዳውን እየዳበሱ በሩን ፈለጉ። ፋንታ ተሽቀዳድማ ክንዳቸውን ልትይዝ ስትል እጇን መለሱባት።

«ተይኝ፣ አትምሪኝ» አሉ። «መንገዱን ልልመደው።»