አሥራ ሰባት ረድፍ

በዚያ ዓመት ዝናቡ በነሐሴ አጋማሽ ቆመ። ሰሊጡ ከጉልበት በላይ አልወጣም። መስከረም ሲጠባ ወባ ገባ፤ ለአጨዳ ከደጋ ከወረደው የቀን ሠራተኛ ሲሶው ድንኳን ውስጥ ተኝቶ ሰነበተ። አጨዳው ሲጋመስ ደግሞ ያለ ወቅቱ ዘነበና የቆመው ነዶ ጠቆረ። ሁለት ሰው ተቀበረ። የቀረው ሥራውን ቀጠለ።

ምናለ ወደ መተማ ቆላ፣ ወደ ገንዳ ውሃ የወረደው በዚያ ዓመት ነው። የጎጃም ልጅ ነው፤ ዕድሜው ሃያ አንድ፣ ትምህርቱን ከአሥረኛ ክፍል ያቋረጠ። አያ ፈንቴ የሚባሉ ገበሬ ከአምስት ሰው ጋር ቀጠሩት። አያ ፈንቴ ንግግር አያበዙም። የሻረግ የምትባል አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ከወንዱ እኩል ታጭዳለች።

በሰሊጥ አጨዳ ሁሉም የየራሱን ረድፍ ይዞ ጎን ለጎን ይሄዳል። ወደ ኋላ የቀረ ይተረባል። ምናለ ሁልጊዜ ወደ ኋላ ይቀር ነበር፤ ያወራልና። የሚያወራው ራሱ የፈጠረውን ነው፤ ስለ አንዲት የመተማ ሴትና ስለ አንድ የጭነት መኪና ረዳት። እያወራ ማጨድ አይሆንለትም፤ እጁ ይቆማል። በእነሱ ማሳ ደግሞ አንድ ልማድ ነበር። ወሬው እንዲቀጥል የፈለገ ሰው የአውሪውን ረድፍ ደርቦ ያጭዳል፤ አውሪው ነዶ እያሰረ ከኋላ ይከተላል።

በመጀመሪያው ቀን ደሴ የሚባል የወሎ ልጅ አጨደለት። በማግስቱ ወገቡን ይዞ ቀና አለ።

«እኔስ በቃኝ። ሴትዮዋ ትሙትና እንገላገል።»

«አትሞትም» አለች የሻረግ። ረድፉን ያዘችው።

የማጭዷ እጀታ በቀይ ጨርቅ የተጠቀለለ ነበር። ጨርቁ የሱዳን ሴቶች ከሚለብሱት ቶብ የተቀደደ ነው፤ ገንዳ ውሃ ላይ ሱቅ ያላት ረፊቃ የሰጠቻት ነው።

«ትከፍለኛለህ» አለችው ሳታየው። «ረድፍ በረድፍ።»

«እከፍልሻለሁ።»

«መቼ?»

«ታሪኩ ሲያልቅ።»

ታሪኩ አላለቀም። የመኪናው ረዳት ሴትዮዋን ትቷት ሄዶ ነበር፤ መመለሱን ምናለ ራሱ አያውቀውም። የሻረግ አንዳንዴ ማጭዷን አቁማ ዞር ትላለች። እሱ ነዶውን እንደያዘ ያያታል። መተያየቱ ሲረዝም ደሴ ጉሮሮውን ይጠራርጋል።

«ጻፈው» አለችው አንድ ቀን። «ለአምስት ሰው ብቻ የሚነገር አይደለም።»

አጨዳው ሲያልቅ ምናለ አያ ፈንቴ ዘንድ ቀርቦ የሻረግን እንዲድሩለት ጠየቀ። አያ ፈንቴ እስኪጨርስ ሰሙት።

«አፍህ ሲሠራ አይቻለሁ» አሉት። «እጅህን ግን አላየሁትም። ልጄን ለአፍ አልሰጥም።»

የሻረግ አውቶቡሱ ድረስ ሸኘችው። አላለቀሰችም።

አዲስ አበባ ለድራማ ቀረጻ መብራት እየተሸከመ ሁለት ዓመት ሠራ። አንድ ቀን አዘጋጁ አንዱን ትዕይንት አሥር ጊዜ አስደግሞ አልጥም አለው። ተዋናይዋ ባሏ ጥሏት ሲሄድ ረጅም ንግግር ታደርጋለች።

«እንዲህ አትልም» አለ ምናለ መብራቱን እንደያዘ።

«ታዲያ ምን ትላለች?» አለ አዘጋጁ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ።

«ዝም ትላለች። ሥራዋን ትይዛለች።»

ሞከሩት። ሳቁ ቆመ። በወሩ ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጡት፤ በሦስተኛው ዓመት የራሱ ድራማ በየእሑዱ መታየት ጀመረ። የመተማዋ ሴትና የመኪናው ረዳት ነበሩ።

እስከዚያው ከየሻረግ ጋር በረፊቃ ስልክ ይገናኙ ነበር። ስልኩ ግን ሲመጣና ሲጠፋ ነው የከረመው።

«ጭራሽ የጠፋ ቀንስ?» ብላ ጠየቀችው።

«ቀዩን ጨርቅ ድራማው ውስጥ አስገባዋለሁ። እሱን የያዘ ሰው የሚናገረውና የሚያደርገው ሁሉ ላንች ነው።»

እንዳለችውም ስልኩ ጠፋ። በሦስተኛው ክፍል የመኪናው ረዳት ቀይ ጨርቅ እየጠቀለለ፣ «እናቴ ታማ ነበር፤ አሁን ተሽሏታል» አለ። ረፊቃ ሱቅ በረንዳ ላይ ተሰብስቦ ከርከዴ የሚጠጣው ተመልካች ግራ ገባው።

«እናት አለችው እንዴ? ይሄ ከየት መጣ?» አለች ረፊቃ።

«ዝም ብለሽ እይ፣ እትየ» አለቻት የሻረግ፤ ፈገግታዋን በነጠላዋ ሸፍና።

ለመጨረሻው ክፍል ምናለ የመኪናውን ረዳት ወደ ቆላ መለሰው። ማለቂያውን በመጨረሻ አውቆታል። በመስከረም ማለቂያ፣ ጨርቁን በእጁ ይዞ፣ ሴትዮዋ በር ላይ ይቆማል። አዘጋጁ አንብቦ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«ከተመለሰ ሰው ቴሌቪዥኑን አጥፍቶ ይተኛል። ከከዳት ግን ሳምንት ያወራዋል። ጨርቁን ከተማ ላይ ለወደዳት ልጅ ክንዷ ላይ ያስርላታል።»

«እሺ፣ ይክዳት። ጨርቁን ብቻ ተወው።»

«ጨርቁማ ዋናው ነው።»

«ስሜንስ አትሰርዘውም?»

«ርዕሱ ከነስምህ ተሠርቷል።»

ምናለ ሁለት ጊዜ ለመነ። ምክንያቱን አልተናገረም፤ ቢናገርም የሚገባው አልነበረም። ሀገሩ በሙሉ ድራማ ያያል፤ አንዲት ሴት ግን ደብዳቤ ታነባለች። ደብዳቤው የእሱ ፊርማ አለበት፤ ቃሉ ግን የሌላ ሰው ነው። ስልኩን ሞከረ፤ አይጠራም። አውቶቡስ ተሳፈረ።

እሑድ ጎንደር ላይ ደረሰበት። አንድ ሻይ ቤት ገብቶ የመጨረሻውን ክፍል አየ። የመኪናው ረዳት ጨርቁን ፈታ፣ ለከተማዋ ልጅ አሰረላት፣ ሳቀ። አጠገቡ የተቀመጠች ሴት ዓይኗን ጠረገች።

«ይሄን የጻፈ ሰው ልብ የለውም።»

«የለውም» አለ ምናለ። ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ።

በማግስቱ ገንዳ ውሃ ሲደርስ በመጀመሪያ ረፊቃ ሱቅ ሄደ። ረፊቃ ተቀመጥ አላለችውም።

«በረንዳው ሁሉ አለቀሰ» አለችው። «እሷ አላለቀሰችም። ተነሥታ ሄደች። አንድ የትራክተር ባለቤት ሽማግሌ ልኮባታል። አያ ፈንቴ አጨዳው እስኪያልቅ ታገሡኝ ብለዋቸዋል።»

ማሳው ላይ ሌላ ሰው አልነበረም። በዚያ ዓመት ከደጋ የወረደው ጥቂት ነው። የሻረግ ብቻዋን ጎንበስ ብላ ታጭዳለች። ሰሊጡ ደርቋል፤ በሳምንት ውስጥ ካልታጨደ ፍሬው ይረግፋል። ምናለ ራቅ ብሎ ቆመ። አየችው፤ ማጨዷን ግን አላቆመችም።

«አየሁት» አለች።

«እኔ አልጻፍኩትም።»

«ስምህ ወጥቷል።»

«ስሜ ወጥቷል። እኔ የጻፍኩት ሲመለስ ነበር። ቀየሩት።»

ነዶውን አሰረች፣ አቆመች፣ ወደሚቀጥለው አለፈች።

«ይሄን ልትነግረኝ ነው ከአዲስ አበባ የመጣኸው?»

«አይደለም። ረድፉን ልከፍል ነው።»

የሻረግ ቀና አለች። ዓይኖቿ ደክመዋል።

«ስንት ነበር?»

«አሥራ ሰባት» አለ ወዲያውኑ።

ነፋሱ በሰሊጡ ውስጥ አለፈ። የሻረግ የማጭዷን ጨርቅ መፍታት ጀመረች፤ ቀስ ብላ። ከሥሩ እጀታው ላይ በቢላ የተጫሩ መስመሮች ነበሩ። እሱ ይህን አያውቅም ነበር። አልቆጠረውም፤ ቁጥሩ መግጠሙ ከፊቷ ላይ ገብቶታል።

ጨርቁን በጉያዋ ሸጉጣ ባዶውን ማጭድ ሰጠችው።

«ጎንበስ በል እንግዲህ። ታሪኩን እኔ አወራለሁ። ያንተው ተበላሽቷል።»

እሱ አጨደ፤ እሷ ነዶ እያሰረች ከኋላው ተከተለች። የመተማዋ ሴት በሯን ዘግታ ሥራዋን እንደቀጠለች፣ የመኪናው ረዳት ክፉ ወሬ ቀድሞት እንደመጣ አወራችለት። ማለቂያውን ግን እያዘገየች ነበር። በመጀመሪያው ቀን አምስት ረድፍ ሄደ። እጁ ከሰሊጥ ግንድ ጋር ተረሳስቶ ነበርና በሁለተኛው ቀን መዳፉ ተላጠ። አላቆመም።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አያ ፈንቴ መጡ። ማሳው ዳር ላይ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆሙ። ማጭዱ ሲሄድ አዩ፤ እጀታው ላይ ደም አዩ። ከዚያ ወደ የሻረግ ዞሩ።

«ለሽማግሌዎቹ ምን ልበል?» አሏት ልጃቸውን።

«አንድ ረድፍ ቀርቶታል፣ አባየ። እሱን ይጨርስና እነግርዎታለሁ።»

አያ ፈንቴ ረድፉ እስኪያልቅ አልሄዱም። ምናለ የመጨረሻውን ግንድ አጨደና ቀና አለ። የሻረግ ነዶውን አስራ አቆመችው። ከዚያም ማጭዱን ከእጁ ወሰደች።

«እጅህን አምጣ።»

ዘረጋላት። ቀዩን ጨርቅ ከጉያዋ አውጥታ የተላጠ መዳፉ ላይ ጠመጠመችው፤ ጫፉንም በጥርሷ ስባ አጥብቃ አሰረችው።

አያ ፈንቴ ከዘራቸውን አንሥተው ወደ ከተማው መንገድ ጀመሩ። ለሽማግሌዎቹ የሚመልሱትን አግኝተዋል።

«የታሪኩ ማለቂያስ?» አላት ምናለ።

የሻረግ የማሳውን ርዝመት ከዳር እስከ ዳር በዓይኗ ለካችው።

«ተከፍሏል» አለች። «አልቋል ማለት ነው።»