ያልተመለሰችው ግራ እጄ

ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ ነው። እኔ ግን በራሴ የደረሰውን ነው የምነግራችሁ።

ባርሴሎና... ሐምሌ... ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። የምሠራበት ቤተ ሙከራ መጋረጃው ተዘግቷል።

ሥራችን አእምሮን ማታለል ነው። ምናባዊ ዓለም የሚያሳይ የቪአር መነጽር ታጠልቃላችሁ። ዝቅ ብላችሁ ስታዩ፣ በእናንተ ቦታ የኮምፒውተር አካል ተቀምጧል። እኛ እጃችሁን በብሩሽ ስንዳብስ፣ የዚያ አካል እጅም እኩል ሲዳበስ ታያላችሁ። ትንሽ ቆይቶ ያ እጅ የእናንተ ይሆናል።

ስንጨርስ ደንብ አለን። መነጽሩ ሳይወልቅ ምስሉን አጥፍተን፣ እውነተኛዎቹን እጆች ብቻ እንዳብሳለን። ሰውነትን መመለስ እንለዋለን።

ያን ቀን አዲስ አካል በራሴ ላይ እየሞከርን ነበር። ባልደረባዬ ኦሪዮል ቀኝ እጄን መለሰልኝ። ግራዋ ላይ ሊደርስ ሲል ስልኩ ጠራ... መነጽሩን ላጥ አድርጎልኝ ወጣ።

ግራ እጄ ትንቀሳቀሳለች። ግን ምንም አይሰማትም።

በመርፌ ወጋኋት። ደሙ መጣ። ሕመሙ አልመጣም።

ኦሪዮል «ሌላ እንገዛልሻለን» ብሎ ቀለደ። እኔ ግን ፈራሁ። የሦስት ዓመት ልጅ አለችኝ፤ በዚያች እጅ ትኩሳቷን እንኳ መለየት አቃተኝ። ሐኪሞቹም ምንም አላገኙም።

በሳምንቱ ሞግዚት አጥቼ ልጄን ኦናን ይዣት ሥራ ገባሁ። ጥግ ላይ ተቀምጬ ጭኔ ላይ አስተኛኋት። ቴክላ የምትባል ተማሪ ያንኑ አዲስ አካል ልትሞክር መነጽሩን አጥልቃ ወንበሩ ላይ ነበረች።

በግራ እጄ የኦናን ፀጉር ዳበስኩ።

«ኦሪዮል...» አለች ቴክላ በሹክሹክታ። «ምንድን ነው የምታስነካኝ?»

«ኧረ ገና አልነካሁሽም።»

«ግራ እጄ ላይ... ፀጉር ነው። የሕፃን ፀጉር። ይሞቃል።»

ኦሪዮል ዞሮ አየኝ። እጄን ላነሳ ሞከርኩ... እምቢ አለችኝ።

«ቴክላ፣ እጅሽን አታንቀሳቅሺ» አልኳት።

«እኔ አይደለሁም» አለች። «የሆነ ሰው እጄን ይዞ... ወደ ሕፃኗ አንገት እየወሰደው ነው።»

ዝቅ ብዬ አየሁ። ጣቶቼ አንድ በአንድ የልጄን አንገት እየጨበጡ ነበር።

ኦሪዮል ሮጦ መጥቶ በስንት ትግል አላቀቃት። ኦና እያሳላት አለቀሰች።

ያን ጊዜ ነው ግራ እጄ የተሰማት...

የልጄ ሙቀት አልነበረም። እጄ ላይ የተጫነ የማይታይ ቀዝቃዛ መዳፍ ነው።

ቀስ ብሎ ለቀቃት።