ፍየል ያልነካው ጦስኝ

ደንቡን ያወጡት ዓሊ ኡሐዱ ነበሩ፤ ልጃቸው ላሕሰን አጠበቁት፤ የላሕሰን ልጅ ዳዳ ባሱ ደግሞ ስድሳ ዓመት ሙሉ ኖሩበት። ጤዛው ሳይረግፍ ጦስኝ አይታጨድም። ሥሩ አይነቀልም። ፍየል ጫፉን ባልቀነጠበው ቁጥቋጦ ላይ ማጭድ አያርፍም። በዚያ የአትላስ ሸለቆ ከእነዚህ ሰዎች እጅ የወጣ መድኃኒት ማንንም ጎድቶ አያውቅም ነበር፤ ላላ ያምና የተባሉት አሮጊት እስከሞቱባት ማክሰኞ ድረስ።

የቆየ የሆድ ቁርጠታቸው ሦስት ቀን ክፉኛ በርትቶባቸው፣ በመጨረሻ ሰውነታቸው እየተንቀጠቀጠ አረፉ። ሐኪሙ በድዳቸው ላይ ሰማያዊ መስመር አየ፤ ደማቸውንም መርምሮ የገደላቸው የእርሳስ መርዝ መሆኑን ጻፈ። ገበያ የሚሸጠው ኩል እርሳስ እንዳለበት የሰማ ጎረቤት ሁሉ ጣቱን ኩል ወደምትኳለው ምራታቸው ወደ ቱዳ ቀሰረ። ዳዳ ባሱም ይህን ሰምተው ዝም አሉ። ለሆድ ቁርጠት በማር እየታሸ የሚዋጠውን የጦስኝ ዱቄት ለሟቿ የሰጡት ራሳቸው ነበሩና።

መርማሪው ዛይድ የደረሰው ሐሙስ ረፋድ ላይ ነው።

«የእረኛው ልጅ መርማሪ ሆኖ መጣብን!» አሉት ዳዳ ባሱ፣ ፈገግ ለማለት እየሞከሩ።

«የፍየሉ ሽታ ግን እስካሁን አልለቀቀኝም፣ ዳዳ። ይምጡ፣ አብረውኝ ይስሙ።»

በሟቿ ቤት፣ ቱዳ የአራት ዓመት ሴት ልጇን አቅፋ ከማድ ቤቱ ደፍ ላይ ተቀምጣ ነበር።

«ከአማትሽ ጋር ትጣሉ ነበር ይባላል» አላት ዛይድ።

«በየቀኑ! ጨው በዛ፣ ጨው አነሰ። ከአማቷ ጋር ያልተጣላች ምራት ካገኙ ሽልማት ይስጧት፣ ሲ ዛይድ» አለችው፣ በአክብሮት መጠሪያው።

«ዱቄቱን በማር የምታሺው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ። የመጀመሪያዋን ማንኪያ የምውጠውም እኔው። ‹ቅመሺ፣ እንዳትገድዪኝ› ይሉኝ ነበር። ከመስከረም ጀምሮ እኔ ስውጥ ሳያዩ አንድም ቀን አልዋጡም።»

ዛይድ ጎንበስ አለ። «እስቲ አፍሽን ክፈቺ።»

በድዷ ዳር ቀጭን ሰማያዊ መስመር ተሰምሮ ነበር። የልጅቷን ድድ ቢያይ ግን ቀይና ንጹሕ ነው።

«እሷስ ከዚያው ማር ትበላለች?»

«በየጠዋቱ፣ በዳቦ። ዱቄቱን ግን አትነካም።»

ዛይድ ቀና ብሎ ወደ ሽማግሌው ዞረ። «አሁን ደግሞ የእርስዎን የጦስኝ ጆንያ ያሳዩኝ።»

ዳዳ ባሱ መርተው ወደ ሱቃቸው ወሰዱት። በሱቁ ውስጥ ልጃቸው ኢሹ ጦስኝ እየለየ ነበር። አንድ ቅርንጫፍ አንሥቶ ለዛይድ በኩራት አሳየው።

«እንዲህ ያለው ካዛብላንካም አይገኝ! ይዩት፣ አንድ ቅጠል እንኳ አልጎደለውም። የድሮዎቹ የፍየል ትርፍራፊ ነበር ለሰው የሚሸጡት።»

ዛይድ ቅርንጫፉን አገላብጦ አየውና ኪሱ ከተተው።

ከቀትር በኋላ ሁሉም በሟቿ ግቢ ተሰበሰቡ። ዛይድ አንድ ብርጭቆ ውሃ አስቀርቦ ሟቿ ካስተረፉት ዱቄት ጨመረበት።

«ቱዳ መርዙን አውቃ ብታቀርበው ኖሮ፣ ራሷ ባልዋጠችው። እሷም ተመርዛለች፤ ሐኪሙ እየጠበቃት ነው። መርዙ ከማሩ ቢሆን ኖሮ፣ ልጅቷም በተመረዘች። እንግዲህ የቀረው ዱቄቱ ነው። እዩት።»

የጦስኙ ዱቄት ተንሳፈፈ። ከሥሩ ግን ግራጫ አሸዋ ቀስ እያለ ዘቀጠ።

«ንጹሕ ጦስኝ እንዲህ ያለ ደለል የለውም» አለና ቅርንጫፉን ከኪሱ አወጣ። «ይህን ደግሞ ተመልከቱ። ጫፉን ፍየል አልቀነጠበውም። በዚህ ሸለቆ ፍየል የማይደርስበት አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ከተዘጋው የእርሳስ ማዕድን ማውጫ የወጣው፣ አጥር የታጠረበት ግራጫ ክምር። አባቴ በአንድ ሳምንት አሥራ አንድ ግልገል ከቀበረ ወዲህ፣ ወደዚያ መንጋ የነዳ እረኛ የለም። እናም ጦስኙ ሳይነካ፣ አቧራውን ለብሶ ይንዠረገጋል። የዓሊ ኡሐዱ ደንብ ለዚህ ነበር፤ ፍየሏ ቀማሻቸው ነበረች።»

የሁሉም ዓይን ኢሹ ላይ አረፈ። ዳዳ ባሱ ግን ቀድመውት ተነሡ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ። «ጉልበቴ ሲደክም ማጭዱን ሰጠሁት፤ ከየት እንደሚያጭድ ግን አንድ ቀን አልጠየቅሁትም። ቅጠሉ ሙሉ መሆኑን በዓይኔ አይቻለሁ። አይቼም፣ አምሮብኝ ተደሰትሁ። ይህችን ልጅ ሲከሷትም አፌን ዘጋሁ።» ወደ ቱዳ ዞሩ። «ይቅር በይኝ፣ ልጄ።»

ቱዳ ልጇን ወደ ደረቷ አስጠጋች።

ኢሹ ብርጭቆውን አንሥቶ ከሥሩ የዘቀጠውን ተመለከተ። ብርጭቆውን ሲያዞረው ግራጫው ደለል እንደገና ተነሣ።

«ባባ፣ አንተ ተቀመጥ» አለ። «አጥሩን ዘልዬ የገባሁት እኔ ነኝ። ደንቡን የሽማግሌ ተረት እያልሁ ሳቅሁበት። ተሳስቻለሁ።» ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ሲ ዛይድ፣ ከዚሁ ጆንያ ለዘጠኝ ቤት ሸጫለሁ። በየደጃቸው ቆሜ ‹የሸጥሁላችሁ መርዝ ነው› ልበላቸው። ከዚያ በኋላ ይውሰዱኝ።»