ረቡዕና ዓርብ ቻርጅ የማይቀበለው ጌም

ይኼን አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ እኔ እንዲህ ያለ ነገር ሲወራ ጆሮዬን የምሰጥ ሰው አልነበርኩም። ጎረቤት ስለ ቡዳው፣ ስለ ዛሩ፣ በወንዝ ዳር ስለታየው ነገር ሲያወራ እኔ ራዲዮ እፈታለሁ፣ ራዲዮ ከተናገረ ምክንያት አለው፣ ዝም ካለም ምክንያት አለው፣ ወይ ድንጋዩ አልቋል፣ ወይ ሽቦው ተበጥሷል፣ ሦስተኛ ነገር የለም እል ነበር። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፣ ነገር ግን ደብረ ማርቆስ መናኸሪያው አጠገብ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ስንት ዘመን ራዲዮ፣ የእጅ ባትሪ፣ ኋላም ሞባይል ስጠግን እጄ ብዙ አስተምሮኛል። ያ የለም ያልኩት ሦስተኛ ነገር የመጣብኝ እዚያው በረንዳ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ ነው።

ያን ዓመት ገና እሑድ ነበር የዋለው፣ በማግስቱ ሰኞ ባንቻየሁ መጣች። ባንቻየሁ መናኸሪያው ውስጥ የአውቶቡስ ቲኬት የምትቆርጥ ጨዋ ልጅ ናት። በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ የያዘችውን ፈትታ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችው፣ በሁለት እጅ ይዘው የሚጫወቱበት፣ መዳፍ የምታህል የእጅ ጌም ናት።

«ጋሽ ደሴ፣ ይኼ ነገር እንዳይሞትብኝ» አለችኝ።

«ጌም ነው እንጂ ሰው ነው እንዴ የሚሞተው?»

«የአንማው ነው።»

እኔም ሳቄን ዋጥኩ። አንማው ወንድሟ ነው፣ እጁ የተባረከ፣ የወደቀ ዕቃ ሁሉ የሚያስነሳ ጎበዝ ነበር። አሥራ ሁለተኛን ከጨረሰ በኋላ አንድ ቀን ዓለም በቃኝ ብሎ ቆላ ወርዶ ገዳም ገባ፣ ይኸው አራት ዓመት፣ ደብዳቤ የለ፣ አየሁት የሚል ሰው የለ። እሷም ቲኬት መቁረጡን የያዘችው፣ ከአውቶቡስ ሲወርድ ቀድሜ የማየው እኔ ልሁን ብላ ነው። ይኼን መናኸሪያው ሁሉ ያውቃል።

ጌሙን ስከፍተው የአንማው እጅ አለበት። ሁለቱ ድንጋይ የሚገቡበትን ቦታ ቆርጦ አውጥቶ የሞባይል ባትሪ አስተኝቶበታል፣ በጎኑ በስቶ ትንሽ ቀይ መብራት አበጅቶለታል፣ ቻርጅ ሲቀበል ትበራለች። ጨዋታው ያለበት ካሴት ውስጥ ደግሞ ተጫዋቹ የደረሰበትን ቦታ የምታስታውስ እንደ ሰዓት ባትሪ ያለች ክብ ነገር ነበረች፣ እሷን ነቅሎ ከትልቁ ባትሪ ቀጭን ሽቦ ስቦላታል። እንግዲህ ነገሩ ይኼ ነው፣ ትልቁ ባትሪ አንድ ጊዜ ጨርሶ ካለቀ ካሴቱ ሁሉን ይረሳል። የሚያስታውሰውም ይኼን ብቻ ነበር፣ ባርኔጣ ያደረገች ትንሽ ሰውዬ ድልድይ አፍ ላይ ቆማ፣ ከላይ አንማው በእንግሊዝ ፊደል የጻፈው ስሙ። ከሄደ ጀምሮ አንድም ቀን አልተጫወትኩበትም፣ እንዳቆመው ነው አለችኝ።

«ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው?»

«ድሮ ማታ ማታ ነበር የምሰካው፣ ይቀበላል። ዘንድሮ የሥራ ተራዬ ተቀይሮ ጠዋት መሰካት ስጀምር፣ ከኅዳር አጋማሽ ወዲህ ጠዋት ጠዋት እምቢ አለኝ። ገና ዕለት ደግሞ ወዲያው ተቀበለ። ምኑም አልገባኝም። እርስዎ ጋ ይዋልልኝ።»

እኔ ጋ ዋለ። ሰኞና ማክሰኞ እንደ በግ ገራም ነበር፣ በሰካሁት ቁጥር ቀዩ ይበራል። ረቡዕ ጠዋት እምቢ አለ። ቴስተሬን አወጣሁ፣ ሶኬቱ ደህና ነው፣ ቻርጀሩ ደህና ነው፣ እዚያው ሶኬት ላይ የሰው ሞባይል ብሰካ ተቀበለ። ሽቦውን ቀየርኩ፣ እምቢ። ባትሪውን ልቀይር ብዬ፣ ካሴቱ አንዲት ቅጽበት ያለ ኃይል እንዳይቀር አዲሱን ከአሮጌው ጎን አገናኝቼ ነው አሮጌውን የቆረጥኩት። አሁንም እምቢ። ትቼው የአንድ ገበሬ ራዲዮ ስፈታ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ማንም ሳይነካው ቀዩ መብራት ቦግ አለ።

ከኋላችን ያለው ወፍጮ ቤት ኃይል ሲስብ ውሎ አሁን አቁሞ ነው አልኩ ለራሴ። ሐሙስ ደህና ዋለ። ዓርብ ጠዋት እምቢ፣ ዘጠኝ ሰዓት ቦግ።

በረንዳውን የሚጋራኝ ልብስ ሰፊው ፈንቴ ነው፣ በልጅነቱ የቆሎ ተማሪ ነበር፣ ሳይጨርስ ወጥቶ መርፌ ያዘ። መኪናውን በእግሩ እያንቀሳቀሰ ጎን ጎኑን ያየኝ ነበር።

«ደሴ፣ ይኼ ዕቃህ ቅዳሴ ሳይወጣ አይቀምስም እንዴ?»

«አንተ ስፌትህን ስፋ።»

«ካንተ ይሻላል እኮ፣ አንተ ዓርብ ስድስት ሰዓት ሲሆን ሆድህ ከራዲዮህ በላይ ይጮኻል።»

ሳቅን። በሚቀጥለው ረቡዕም እንደዚያው ሆነ፣ ያን ጊዜ የሳቀው ፈንቴ ብቻ ነው።

ማግስቱ ሐሙስ ነበር። ጠዋት ሰካሁት፣ እምቢ አለ። ደስ አለኝ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ?

«አየህ ፈንቴ፣ ሐሙስም እምቢ አለ! የሽቦ ነገር ነው፣ የት እንደተቋረጠ አገኘዋለሁ።»

ፈንቴ የስፌት መኪናውን አቆመ።

«ዛሬ ምንድን ነው?»

«ከተራ ነዋ፣ ነገ ጥምቀት።»

«ጥምቀት ዓርብ ዋለ፣ ዓርብ ሊበላበት ነው። ስለዚህ በዓርቡ ፈንታ ዛሬን እስከ ማታ እንጾማለን፣ ገሃድ ነው። ረሳኸው እንዴ?»

ረስቼዋለሁ። እኔ የተጠመቅሁት ሽማግሌ ጠዋት እርጎዬን ጠጥቼ ነበር የወጣሁት፣ ያች መዳፍ የምታህል ዕቃ ግን አልረሳችም። የዚያን ቀን ዘጠኝ ሰዓትም አለፈ፣ ታቦት ለመሸኘት በረንዳውን እስክዘጋ አልበራችም። ይዣት ወደ ቤት ገባሁ፣ ዓርብ፣ በጥምቀት ጠዋት፣ ሰካኋት። ቦግ!

ለባንቻየሁ አልነግራትም ብዬ ነበር፣ ፈንቴ ግን ሰኞ ዕለት ስትመጣ አፉን መያዝ አልቻለም፣ ረቡዑንም ዓርቡንም ገሃዱንም አንድ በአንድ ነገራት። አግዳሚው ላይ ቁጭ አለች፣ በነጠላዋ አፏን ያዘች።

«እየጾመ ነዋ» አለች። «በሕይወት አለ ማለት ነዋ፣ ጋሽ ደሴ!»

ዕቃ ነው ልጄ ልላት ፈለግሁ፣ ፊቷን ሳይ አልቻልኩም፣ አራት ዓመት እንደዚያ ስትስቅ አላየኋትም። ረቡዕ በምሳ ሰዓት እመጣለሁ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲበራ አብረን እናያለን ብላ ሄደች።

ረቡዕ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሰካሁት።

በራ።

ነቅዬ እንደገና ሰካሁት። በራ። ቀይ፣ ጸጥ ያለ፣ እንደማንኛውም ዕቃ።

የፈንቴ መኪና ቆሟል። «ዛሬ ጾም የሚሽር በዓል አለ?» አልኩት። በጣቶቹ ቆጠረ፣ ደግሞ ቆጠረ።

«የለም» አለ። ከዚያም ዝቅ ባለ ድምፅ «የታመመ ሰው ይፈታለታል» አለ። ከታመመ ሌላ ጾም የማይጠየቀው ያረፈ ሰው እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

ባንቻየሁ በምሳ ሰዓት ስትመጣ ቻርጀሩን ከሶኬቱ ትንሽ ስቤ አላልቼው ነበር፣ ለዓይን የተሰካ ይመስላል፣ ግን አይነካም።

«በራ እንዴ?»

«ገና ነው ልጄ።»

ተቀመጠች። የዳንግላውን አውቶቡስ ቲኬት ለጓደኛዋ ትታ ነው የመጣችው። ስለ አንማው ልጅነት ስታወራ፣ ያባታቸውን ራዲዮ ፈትቶ አንድ ቁራጭ ተርፎት አልጋ ሥር እንደደበቀ ስትነግረን፣ እኔ የምሰማት በግማሽ ጆሮ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ለመነሣት እንደሚደገፍ ሽማግሌ እጄን ወደ ግድግዳው ልኬ ቻርጀሩን ገፋሁት።

ቀዩ በራ። ባንቻየሁ ጌሙን አንስታ እንደ መስቀል ተሳለመችው። ፈንቴ አንገቱን ጨርቁ ላይ ደፋ፣ መርፌ ግን አልያዘም።

«ልጄ» አልኳት፣ «ከዛሬ ጀምሮ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት አትሰኪው፣ በየትኛውም ቀን። ባትሪውን ይጎዳዋል።»

«እኔስ ስለምን አስቸግረዋለሁ ጋሽ ደሴ» አለች፣ «እየጾመ!»

ይኸው ስንት ዓመት አለፈ። ባንቻየሁ ዛሬም ቲኬት ትቆርጣለች፣ አውቶቡስ በገባ ቁጥር በሩን ታያለች፣ በረንዳዬ ስታልፍም «ደህና ነው ጋሽ ደሴ፣ ትናንትም ተቀበለ!» ትለኛለች፣ እኔም እግዚአብሔር ይመስገን እላለሁ። ጠዋት ሰክታ አታውቅም፣ የነገርኳትን ታከብራለች። ምናልባት አንማው ያን ዕለት ታሞ ነበር፣ ምናልባት ድኖ እንደገና እየጾመ ነው፣ አንድ ረቡዕ ጠዋት ብትሰካው ይታወቅ ነበር። በል ንገራት ይለኛል ልቤ፣ ደግሞ ተው ይለኛል።

እኔም ሥራዬን አልተውኩም። ግን ረቡዕና ዓርብ ጠዋት የሰው ሞባይል ስሰካ ፊቴን ወደ መንገዱ አዞራለሁ፣ መብራቱ ሲበራ ማየት አልወድም።