የጥጉ ኮምፒውተር

«ኧረ ይሄ ነገር ምን ሆኖ ነው? ፊደሉ ሁሉ ተጨፈላለቀ!»

ድምፁ የመጣው ከኮምፒውተር ክፍሉ ጥግ፣ ከቀጮ የአክስት ልጅ ነው። ቀጮ ሰምቷታል፤ ግን ዓይኑን ከፊቱ ስክሪን አልነቀለም። ክረምቱን ሙሉ የለፋበት የአኒሜሽን ወፍ በአዲሱ ኮምፒውተር ላይ ክንፉን እያራገበ፣ አንዴም ሳይደናቀፍ እየበረረ ነው። ይህን ትቶ ዞር ማለት ለማንም ይከብዳል።

«ነግሬህ ነበር እኮ!» የትምህርት ቤቱ የኮምፒውተር ክበብ ሊቀመንበር ትከሻውን መታ አደረገው። ሁሉም «አለቃ» ነው የሚሉት፤ እሱም ስሙን ሳይወደው አልቀረም። «አዲሱን ድራይቨር ስትጭን እሳት ይሆናል አላልኩህም? ሰኞ ወላጆች ሲመጡ መድረክ ላይ ወጥተህ የምታቀርበው አንተ ነህ። አሁን ልምምድ ስላለን አዳራሽ ና።»

ድራይቨር ማለት የኮምፒውተሩን ሲስተምና ምስል የሚያወጣለትን የግራፊክስ ካርድ የሚያግባባ ፕሮግራም ነው፤ እሱ ከሌለ ሁለቱ እንደተኳረፉ ጎረቤቶች ናቸው። የክበቡ ኮምፒውተሮች የሚሠሩት ማንም በነፃ በሚያገኘው ክፍት ኮድ ሲስተም ስለሆነ፣ ድራይቨሩን የሚጽፉትም በየአገሩ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ቀጮ ጠዋት አዲሱን ስሪት በክፍሉ ባሉት ኮምፒውተሮች ሁሉ ላይ በአንድ ትእዛዝ ጭኖታል። መሀል ላይ ረጅም ማስታወቂያ መጥቶ «ልቀጥል?» ሲለው፣ እንደ ልማዱ ሳያነብ «አዎ» አለ። ማን ያነባል?

ወደ አዳራሽ ከመሄዱ በፊት ግን ወደ ጥጉ ጎራ አለ።

የአክስቱ ልጅ ዓይኗ ቅርቡንም አጥርቶ አያይም። በጥጉ ሰፊ ስክሪን ላይ ፊደሉን አተልቃ፣ ማጉያውን በማውስ እየነዳች ነው የምታነበው። ስክሪኑ የድሮ ስለሆነ ገመዱ ከአዲሶቹ ኮምፒውተሮች ጋር አይገጥምም፤ የሚሠራው የቆየ ካርድ ካለው ከጥጉ ኮምፒውተር ጋር ብቻ ነው። አሁን ማውሱን ስትገፋው ምስሉ ይገተራል፤ ቆይቶ ደግሞ ዘሎ ሌላ ቦታ ይገኛል።

«አንዱን መስመር ሳልጨርስ ይጠፋብኛል» አለች። ለትምህርት ቤቱ መጽሔት የጀመረችውን ታሪክ ዘጋችና ቦርሳዋን አነሳች። «ችግር የለውም ባክህ። ልምምድህ እንዳያልፍህ።»

«ችግር የለውም» ስትል ችግር እንዳለ ቀጮ ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቃል።

አለቃ ከበሩ ላይ ተጣራ። «ያን ውራጅ ተወው አቦ! መጋዘን እናስገባዋለን። ከእሷ ሌላ ማን ይጠቀምበታል?»

ለክፋት ብሎ አልነበረም፤ ግን እሷ ሰማች። አንገቷን ደፍታ የቦርሳዋን ዚፕ ስትጎትት ሲያያት ቀጮ በአለቃም፣ ከአለቃ ይልቅ በራሱ ተናደደ።

«እስቲ ትንሽ ቁጭ በይ» አላት። ያን ሳያነበው ያለፈውን ማስታወቂያ ፈልጎ አወጣና ጮክ ብሎ አነበበላት። «ከዚህ ስሪት ጀምሮ የቆዩ ካርዶችን አንደግፍም። የሚጠቀምባቸው ሰው ያለ አልመሰለንም፤ ካለ ይጻፍልን። አዲስ ስሪት በወጣ ቁጥር በካርዱ ላይ እየሞከረ የሚነግረን ሰው ካገኘን ድጋፉን እንመልሳለን።»

«የሚጠቀምበት የለም?» አለች የአክስቱ ልጅ። «እኔ ታዲያ ምንድን ነኝ? ወንበር?»

«ሰዎቹ እኮ አያውቁሽም። በምን ይወቁ?»

«እነሱስ እሺ። አንተም አታውቀኝም?»

ቀጮ ጠዋት ጭኖ ሲጨርስ የሞከረው ፊቱ ያለውን ኮምፒውተር ብቻ ነው። የሷን ለአፍታ እንኳ አላሰበውም።

«ልክ ነሽ። ይቅርታ» አላት።

የድሮውን ድራይቨር መመለስ ጀመረ። መሀል ላይ ስልኩ ነዘረ፤ አለቃ ነው። «የት ጠፋህ? አሁኑኑ ካልመጣህ ሌላ ሰው ያቀርበዋል።» ወፉን ሌላ ልጅ መድረክ ላይ ሲያስበርረው ታየው። ከነከነው፤ በጣም ከነከነው። ስልኩን ደፍቶ አስቀመጠውና ሥራውን ቀጠለ።

«እስቲ ማጉያውን ንጂው» አላት ሲጨርስ። «ለኔ ሁሉም ልክ ነው የሚመስለኝ፤ የሚታወቀው ላንቺ ነው።»

ማውሱን ቀስ አድርጋ ገፋችው። ፊደሎቹ ተከተሏት። «ጎሽ! ተመለሰልኝ!» ብላ ሳቀች።

«ለጊዜው ነው። ቀጣዩ ሲስተም ይህን ድራይቨር አይቀበለውም። ለሰዎቹ ካልጻፍንላቸው አለቀለት።»

አፍንጫዋ ስክሪኑን ሊነካ እስኪደርስ ተጠግታ ራሷ ጻፈች። «በዚህ ካርድ የምጠቀም ሰው አለሁ። ፊደል አጉልቼ ነው የማነበው። አዲስ ስትሠሩ ላኩልኝ፤ እሞክረዋለሁ።»

ልትልከው ስትል እጇ ቆመ። «ግን ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል? አዲስ ስሪት ቅዳሜ ቅዳሜ ነው የሚያወጡት ይላል ማስታወቂያው። አንተ አኒሜሽን የምትሠራው ደግሞ ቅዳሜ ነው።»

ከአዳራሹ ጭብጨባ ተሰማ። ቀጮ ተነስቶ ወደ አዲሱ ኮምፒውተር ሄደ። የአክስቱ ልጅ ሊሄድ ነው ብላ ፊቷን ወደ ስክሪኑ መለሰች።

ወፉ አሁንም እየበረረ ነው። ቀጮ ትንሽ አየውና ኮምፒውተሩን አጠፋው። ከዚያ ወንበሩን ተሸክሞ ተመለሰ።

«እስቲ ጠጋ በይልኝ» አላት ወንበሩን ከጎኗ እያስቀመጠ። «ቅዳሜ ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚያወጡት?»